የክራር ምርጫ፣ ግዢና ቅኝት በቆላ ምድር

(በሳንጃ ከተማ ለመምህራን፣ ለባህል ቡድን አባላትና ለሙዚቃ ወዳጆች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)

ርእሴ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ክራር እንዴት ይመረጣል፣ እንዴት ይገዛል፣ ከተገዛ በኋላስ እንዴት ይሰናዳል የሚል ነው። ስለ ክራር ታሪክና ስለ ቅኝቶቹ ሊቃውንቱ ጽፈዋል፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት ነፍስ ኄር አሸናፊ ከበደ በተለይ ስለዚህ መሣሪያ ያጠኑትን በጽሑፍ አስቀርተውልናል። ገበያ ላይ ቆሞ፣ ሦስት ክራሮች ፊቱ ተደርድረውለት፣ የትኛውን እንደሚያነሣ ለተጨነቀ ሰው የሚሆን ምክር ግን በብዛት አይገኝም። የምናገረው ለእርሱ ነው።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አለመሆኑን ያስተማረኝ አንድ ተማሪ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት ወደ ቢሮዬ መጥቶ፣ «መምህር፣ እኔ ጆሮ የለኝም፤ ልተወው» አለኝ። ለወራት ደክሞ አንድ ዜማ እንኳ አልሰመረለትም ነበር። ክራሩን ተቀብዬ ትዝታ ቃኘሁትና ገና ዐሥር ጊዜ ሳልመታው ሦስቱ አውታሮች ወረዱ። እንደገና ቃኘሁት፤ እንደገና ወረዱ። የልጁ ጆሮ ደኅና ነበር። ደኅና ስለ ነበረም ነው የተሳሳተውን ድምፅ እየሰማ ራሱን የወቀሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀማሪ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምመረምረው መሣሪያውን ነው።

ከወዲያ ማዶ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ የካንትሪ ሙዚቃ የታወቀ ፔዳል ስቲል ጊታር የሚባል መሣሪያ አለ። በእግሮች ላይ እንደ ጠረጴዛ ተንጋሎ የሚቆም፣ በአብዛኛው 10 አውታር ያለው ነው፤ ተጫዋቹ በግራ እጁ የብረት ዘንግ በአውታሮቹ ላይ ያንሸራትታል፤ በእግሩ ፔዳል ሲረግጥ፣ በጉልበቱ ማንሻ ሲገፋ፣ የተመረጡ አውታሮች በግማሽ ወይም በሙሉ ድምፅ ይወጣሉ ወይም ይወርዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣ አንድ የዌብ ፒርስ ዘፈን ላይ ባድ አይዛክስ የተባለ ተጫዋች ይህን ካሰማ ወዲህ ድምፁ ዓለምን ዞሯል፤ ናይጄሪያዊው ኪንግ ሰኒ አዴም ወደ ጁጁ ሙዚቃ አስገብቶታል። ያን መሣሪያ የሚገዛ ሰው ከውበቱና ከቀለሙ በፊት አንድ ነገር ይመረምራል። ፔዳሉ ተረግጦ ሲለቀቅ አውታሩ ወደ ነበረበት ድምፅ በትክክል ይመለሳልን? የማይመለስ ከሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ክራራችን ፔዳል የለውም። ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ የምንሻገረው አውታሮቹን በእጃችን እየጠመዘዝን ነው። ሥራው ግን አንድ ነው፤ ጥያቄውም እንዲሁ። አንድን ክራር ከአንድ ቅኝት ወደ ሌላ ወስዳችሁ ስትመልሱት ይመለሳልን? በገበያ ላይ ሌላ ምንም ባታስታውሱ ይህን አስታውሱ።

አሁን ወደ መሣሪያው አካል እንምጣ። ገበቴው አለ፣ ፊቱ በቆዳ የተለበጠ፤ ከገበቴው የሚነሡ ሁለት ምሰሶዎች አሉ፤ ምሰሶዎቹን ከላይ የሚያገናኝ ቀንበር አለ፤ በቆዳው ላይ የተቀመጠች በርኩማ አለች፤ ከዚያ 5 ወይም 6 አውታሮች። ስድስተኛው በተለመደው አቃኛኘት የመጀመሪያውን ድምፅ በስምንተኛ ርቀት ይደግማል። ክፍሎቹ ጥቂቶች ናቸው። ጭንቁ ከእነዚህ መካከል ሁለቱ፣ እንጨቱና ቆዳው፣ እንደ አየሩ የሚለዋወጡ መሆናቸው ነው።

እዚህ ላይ ቆላነታችን ይገባል። በገበያችን ከምናየው ክራር ብዙው የተሠራው በደጋ ወይም በወይና ደጋ ነው፤ አዲስ አበባም ጎንደርም ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። ያ ክራር ተጭኖ ወደ ሳንጃ፣ ወደ ገንዳ ውሃ፣ ወደ መተማ ሲወርድ በመጋቢትና በሚያዝያ 40 ዲግሪን የሚያልፍ ደረቅ ሙቀት ይቀበለዋል። እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ ተጠርቦ ከሆነ የቀረውን እርጥበት እዚህ ይለቅቃል፤ ሲለቅቅም ይጨማደዳል፤ ሲጨማደድም ይሰነጠቃል። እኔም ደርሶብኛል። በአንድ ትልቅ ከተማ፣ ከአንድ ስመ ጥር ሠሪ፣ ዐይን የሚያፈዝ ቅርጽ ያለው ክራር ገዛሁ። ወደ ቆላ በወሰድሁት በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት «ቀጭ» ሲል ሰማሁት። ጧት ሳየው ገበቴው ከጠርዙ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። ሠሪው አጭበረበረኝ አልልም፤ ለአገሩ አየር ሠርቶታል፤ እኔ ግን ሳልጠይቅ ገዛሁ።

ስለዚህ በመጀመሪያ እንጨቱን እዩ። ዋንዛ የተመሰገነ ነው፤ ቀላል ነው፣ ለመጥረብ ይመቻል፣ የመሐል እንጨቱም ነቀዝንና ምስጥን ይቋቋማል። ነገር ግን «ዋንዛ ነው» የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም። ጠቆር ያለው የመሐሉ እንጨት ነው ወይስ በልጡ ሥር ያለው ነጩ? ነጩን ምስጥ ይወደዋል፤ የእኛ ቆላ ደግሞ የምስጥ አገር ነው። ገበቴውን ገልብጣችሁ ጠርዙን ተመልከቱ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለች ዛሬ ትንሽ ናት፤ በሚያዝያ ግን ትልቅ ትሆናለች። በጉንጫችሁ ነክታችሁ ከሌሎቹ ይልቅ የሚቀዘቅዝና በመጠኑ ልክ ያልሆነ ክብደት ያለው ከሆነ አልደረቀም ብላችሁ ተጠራጠሩ። በሰምና በቫርኒሽ ያብረቀረቀውን ከሌላው አብልጣችሁ መርምሩ፤ ቫርኒሽ ብዙ ኀጢአት ይሸፍናል።

ከዚያ ምሰሶዎቹን። ክራሩን ወደ ዐይናችሁ አቅርባችሁ እንደ ማረሻ ሞፈር ከጫፍ እስከ ጫፍ አነጣጥሩ። ምሰሶዎቹ አንድ መስመር ላይ ካልሆኑ ቀንበሩ ይጣመማል፤ የተጣመመ ቀንበር ላይ ያለ አውታር ቦታውን አይዝም። ቀንበሩን በሁለት እጅ ይዛችሁ በቀስታ አወዛውዙት። መላላት ከተሰማችሁ፣ ሻጩ «አውታር ሲወጠር ይጠብቃል» ቢላችሁ አትመኑት። ሲወጠር የበለጠ ይላላል።

ቆዳው ሌላ ነገር ነው። በክረምት እርጥበት ይጠጣና ይለሰልሳል፤ በርኩማዋ ትሰምጣለች፣ ድምፁ ይደነዝዛል፣ ቅኝቱ ይወርዳል። በበጋ ይወጠራል፤ በርኩማዋ ትነሣለች፣ ድምፁ ይስላል፣ ቅኝቱም ከፍ ይላል። ስለዚህ የገዛችሁበት ወራት ያታልላችኋል። በነሐሴ ደንዝዞ ያገኛችሁት ክራር በጥር ሊያምር ይችላል፤ በሚያዝያ እንደ ደወል የጮኸላችሁ ደግሞ በሐምሌ ይተኛል። ቆዳውን በአውራ ጣት በመሐሉ ተጫኑት፤ በሁሉም በኩል እኩል ሊመልስላችሁ ይገባል። አንዱ ጎን የሚሰርጥ ከሆነ አለባበሱ ዝንፍ አለ። በጣም ቀጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቆዳ በደጋ ጥሩ ድምፅ ይሰጣል፤ በእኛ ሙቀት ግን ከስፌቱ ይቀደዳል። እኔ ብሆን ትንሽ ወፈር ያለውን እመርጣለሁ፤ ድምፁ ጥቂት ቢያንስም።

አውታርን በተመለከተ ቀድሞ ጅማትና የበግ አንጀት ነበር። ዛሬ ናይሎን ነው፤ የዓሣ ማጥመጃ ክርም ያገለግላል፤ ብረትም አለ። ናይሎን ለቆላ ይስማማል፣ ዋጋውም አይከብድም። አዲስ ናይሎን ግን ለጥቂት ቀናት ይሳባል፤ በዚያ ጊዜ ክራሩን አትፍረዱበት። ውፍረቱን ስትመርጡ አንድ ሕግ ይረዳችኋል፤ ርዝመቱና ውጥረቱ ሳይለወጥ የአንድ ዓይነት ክር ውፍረት እጥፍ ቢሆን ድምፁ በአንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስድስቱን አውታሮች ሁሉ ከአንድ ጥቅል ክር የሚቆርጥ ሠሪ፣ ወፍራሙን ድምፅ አላልቶ፣ ቀጭኑን ድምፅ ደግሞ እስኪበጠስ ወጥሮ ሊያገኝ ይገደዳል። ለናይሎን የተሠራ ክራር ላይ ብረት መግጠም ደግሞ በአህያ ላይ የግመል ጭነት መጫን ነው፤ ቀንበሩ ይጎብጣል፣ ቆዳው ይሰረጉዳል።

እንግዲህ ወደ ቅኝት። የውጥረት ሒሳብ ምን ያህል እንደሚከብድ ብዙዎቻችን አናስተውልም። አንድን አውታር በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ለማድረግ ውጥረቱ 12 በመቶ ያህል መጨመር አለበት፤ በሙሉ ድምፅ ከሆነ 26 በመቶ ያህል። አሁን ቅኝቶቹን በዚህ ዐይን እዩአቸው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚና ላ እያንዳንዳቸው በግማሽ ድምፅ ሲወርዱ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ሁለት አውታር፣ ሁለቱም መላላት፤ ለመሣሪያው ዕረፍት ነው። ከትዝታ ማይነር ወደ አምባሰል ለመሄድ ሁለተኛው አውታር በግማሽ ይወርዳል፣ ሦስተኛው በሙሉ ድምፅ ይወጣል። ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ፣ አራተኛው በግማሽ ይወርዳል፣ አምስተኛው በግማሽ ይወጣል። ነገር ግን ከትዝታ ሜጀር ወደ ባቲ ሜጀር፣ ማለትም ወደ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፣ ስትሻገሩ ሦስት አውታሮች ይወጣሉ፤ ከእነርሱም ሁለቱ በሙሉ ድምፅ። ቀንበሩና ቆዳው ያን ጭነት ሲቀበሉ ጥቂት ይጎነበሳሉ፤ ሲጎነበሱም ያልተነኩት አውታሮች ይላላሉ። ጀማሪው «ዶን አልነካሁም፣ ለምን ተበላሸ?» የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ባቲን አንድ ጊዜ ቃኝቶ መጨረስ አይቻልም። ከመጀመሪያው አውታር ጀምራችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ዙሩ፤ በየዙሩ ስሕተቱ ያንሳል።

የገበያው ፈተናም ከዚሁ ይወጣል። ሻጩ ትዝታ ይቃኝላችሁ። በስልካችሁ ቅዱት። ከዚያ ወደ ባቲ ይውሰደው፣ ሃያ ጊዜ ያህል ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት፣ ወደ ትዝታ ይመልሰው፣ ሻይ ጠጡ፣ ከዚያ ከተቀዳው ጋር አስተያዩት። ሻጩ ሊሰለች ይችላል፤ ይሰልች። በቀንበሩ ላይ በጨርቅ ወይም በቆዳ ጥምጣም የሚያዘው አሮጌው አሠራር በደንብ ከተጠመጠመ አስተማማኝ ነው፤ በጊታር መቃኛ የተሠራው ለጀማሪ ይቀላል፣ ሆኖም ብሎኑ ርካሽ ከሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ ጥርሱ ያልቃል። የመነሻውን ድምፅ ከማሽን ጋር ለማስተካከል አትጨነቁ፤ ክራር የሚቃኘው ለሚዘፍነው ሰው ጉሮሮ ነው። የሰርግና የመድረክ ቡድኖች ግን በአንድ ድምፅ መስማማት አለባቸውና ለእነርሱ የስልክ መቃኛ ይጠቅማል።

ብዙ ወጣቶች ስለ ኤሌክትሪክ ክራር ይጠይቁኛል። አንድ ነገር ብቻ እወቁ። ማግኔታዊው ድምፅ ተቀባይ የሚሰማው ብረት አውታርን ብቻ ነው፤ ናይሎን ላይ ብትገጥሙት ዝም ይላል። ለናይሎን ቆዳው ሥር ወይም በርኩማዋ አጠገብ የሚለጠፈው፣ መንቀጥቀጥን የሚቀበለው ዓይነት ይሻላል። ወደ ድምፅ ማጉያው ፊታችሁን አዙራችሁ አትቁሙ፤ ቆዳው የማጉያውን ድምፅ መልሶ ይቀበልና መጮህ ይጀምራል።

ስለ ማሲንቆ እንድናገር አልተጠየቅሁም፤ ሳልነካው ግን አላልፍም፣ ምክንያቱም በዚያ በኩል ባለጸጎቹ እናንተ ናችሁ። የማሲንቆ ጭራና የደጋኑ ጭራ እጣን ካልታሸ ተንሸራትቶ ድምፅ አይሰጥም። ያ እጣን የሚለቀመው ከዚህ ከመተማና ከአርማጭሆ ቆላ ዛፎች ነው። ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ብትገቡም የክራራችንን ዘመድ ታገኛላችሁ፤ ጣንቡራ ይሉታል፣ አምስት አውታር አለው፣ ዜማውም እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ይሄዳል። ጣንቡራ የሚያድሰው ባለሙያ የሙቀቱን ጠባይ ከደጋው ሠሪ ይልቅ ያውቃልና፣ ዕድሉን ስታገኙ ቆዳውን እንዴት እንደሚያለብስ ጠይቁት።

የምትገዙት የሰሊጥ አጨዳ አልቆ ገንዘብ እጅ ሲገባ እንደሚሆን አውቃለሁ። ያኔ ገበያው ይሞቃል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ከቻላችሁ ክራር የሚጫወት ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሠሪው ጋርም ቆዳው ቢቀደድ በምን ዋጋ እንደሚያድስላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለትምህርት ቤት የምትገዙ ደግሞ ዐሥር ርካሽ ከምትገዙ አራት ደኅና ግዙና ልጆቹ ይፈራረቁበት። ይህን ስል ቅር የሚለው ርእሰ መምህር እንዳለ አውቃለሁ፤ በሪፖርት ላይ ዐሥር ከአራት ይበልጣልና። እቤት ከደረሰ በኋላ ክራሩን ግድግዳ ላይ ከቆርቆሮው ሥር አትስቀሉት፤ በመኪናም ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት። ከጭቃ ቤት የጓዳ ግድግዳ የተሻለ ቦታ የለውም። በክረምት ከመጫወታችሁ በፊት፣ ከበሮ መቺዎች እንደሚያደርጉት፣ ጥቂት ደቂቃ ፀሐይ አሙቁት፤ እሳት ግን አታስጠጉት። ለረጅም ጊዜ የማትጫወቱ ከሆነ አውታሮቹን በአንድ ሙሉ ድምፅ ያህል አላሏቸው።

ክራር ይዛችሁ የመጣችሁ ስድስት ሰባት ሰዎች ከኋላ ትታዩኛላችሁ። ወደ ፊት ቅረቡ፤ በጠረጴዛው ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጧቸው። ከገበቴው ጠርዝ እንጀምራለን።