ኮከቦቹ ጥግ ላይ ለምን ይረዝማሉ?



ክረምቱ ሲወጣ የሐይቅና የአምባሰል ሰማይ እንዴት እንደሚጠራ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በዚያ ሰማይ በቴሌስኮፕ ፎቶ ታነሡና፣ መሀል ላይ ነጥብ የሆኑት ኮከቦች ጥጉ ላይ እንደ ገብስ ፍሬ ይረዝማሉ። ሰው ሁሉ «የካሜራው ሴንሰር አጋድሏል» ብሎ ብሎን ሊፈታ ይሮጣል።

ቆይ እንጂ! ሳይመረመር ቀዶ ሕክምና አለ እንዴ? ካሜራውን ቴሌስኮፑ ላይ ሩብ ዙር አዙሩና ፎከሱን አስተካክላችሁ ድገሙት። 180 ዲግሪ አይሁን፤ ያጋደለ ሴንሰር ሁለቱን ተቃራኒ ጥጎች ስለሚያበላሽ ያምታታል። ብልሽቱ ፎቶው ላይ ያው ጥግ ከቀረ ጣጣው የካሜራው ነው፤ ወደ ሌላ ጥግ ከዞረ ግን ቴሌስኮፑን ወይም ማያያዣውን ጠርጥሩ።

የካሜራው ከሆነ ቤት ውስጥ ይታከማል። መሀሉ በተቦረቦረ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በአፉ ድፉት፣ ከሥር በሰያፍ ሌዘር አብሩበትና አሽከርክሩት። ዓይናችሁን ከጨረሩ አርቁ፤ ይሄን እንደ ሐኪም ነው የምለው። ከሥር ያነጠፋችሁት ወረቀት ላይ የምትመለሰው ነጥብ ክብ ከሠራች ሴንሰሩ አጋድሏል። ማስተካከያ ብሎኖቹን በጥቂት በጥቂቱ አዙሩ፤ ነጥቧ ባለችበት ስትቆም በቃ። ኤፍ 5 በሆነ ቴሌስኮፕ ያለን ክፍተት 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ የፀጉር ዘለላ ያህል።

ታኅሣሥ ላይ ኦሪዮን ሐይቅ ላይ ከ70 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል፤ ለዚያ ይድረስላችሁ።