ወባ ዳገት እየወጣች ነው
(በሠፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁት ወባ ለእኛ ለአርባ ምንጮች እንግዳ አይደለችም። ድሮ ግን ቆላው ሲታመም ጨንቻ ደህና ነበር። ከእኛ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ብርዱ ይጠብቀዋላ! የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ የሚያድገው ሙቀት ሲያገኝ ነው። ከ16 ዲግሪ ገደማ በታች እድገቱ ይቆማል፤ ሲሞቅ ይፈጥናል።

ዛሬ የፋብሪካና የመኪና ጭስ ዓለምን እያሞቀ ነው። በ2006 ዓ.ም. የታተመ ጥናት የደብረ ዘይትን አካባቢ የሕሙማን መዝገብ አይቶ፣ በሞቃት ዓመት ወባ ወደ ከፍታው እንደምትወጣ አረጋግጧል። ደጋ ያደገ ዘመዳችን ሰውነቱ ወባን አልለመደም፤ ስትይዘው ትበረታበታለች። እኛም ታመን ለመስቀል ወደ አገር ቤት ስንወጣ ተውሳኩን በደማችን ይዘን እንሄዳለን። ይህ ቀላል ነገር ነው እንዴ?

የዓለሙን ጭስ ከሲቀላ ሆነን አናቆመውም። በጓሯችን የተኛውን ውኃ ግን ማፍሰስ አያቅተንም። የትንኝ እንቁላል አድጎ ለመብረር ሁለት ሳምንት እንኳ ላይፈጅበት ይችላል፤ ስለዚህ ጉድጓዱን በየሳምንቱ እንድፈን፣ እናፋስስ። አጎበር የተሰጠን ልንተኛበት እንጂ ለአጥርና ለገመድ አይደለም። ትኩሳት የያዘው ሰው «ምች ነው» ብሎ አይተኛ፤ በዚያው ቀን ይመርመር። የታዘዘለትንም መድኃኒት ተሻለኝ ብሎ አያቋርጥ።

ቅዳሜ ጧት በ1 ሰዓት አካፋና ዶማ ይዘን እንገናኝ። ልጆቻችንን ማዳን በእጃችን ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ