ስለ መኪና ፍሪሲዮንና በውስጡ ስለሚገባው አየር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ሌሎች ጓደኞቼ ስለ ታሪክና ስለ ቅኔ ተናግረዋል፤ እኔ ደግሞ ሾፌር በግራ እግሩ ስለሚረግጠው ነገር እናገራለሁ። ርእሱ ዝቅ ያለ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ የሚነሣው ቡና አዲስ አበባ ለመድረስ በቦንጋ አልፎ የጎጀብን ሸለቆ ወርዶ እንደሚወጣ፣ ከጅማ ወዲያም የጊቤ ቁልቁለትና ዳገት እንደሚጠብቀው ያስብ። በእንዲህ ያለ ዳገት መካከል ማርሽ አልገባ ያለው መኪና ለጫነው ቡና ብቻ ሳይሆን ከኋላው ለሚመጣውም ሰው አደጋ ነው።

ፍሪሲዮን የሚለው ቃል እንደ ካምቢዮ ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። ሥራውም የሞተሩን ኃይል ከካምቢዮው ጋር ማገናኘትና መለየት ነው። በባጃጅ ላይ ይህን የሚያደርገው የሽቦ ገመድ ሲሆን፣ በብዙዎቹ የጭነት መኪናዎች ላይ ግን ፈሳሽ ነው። ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው የላይኛው ማስተር ፈሳሹን ይገፋል፤ ፈሳሹም በቀጭን ቱቦ ሄዶ ከካምቢዮው አጠገብ ያለውን የታችኛውን ማስተር ይገፋል። ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት እንዳስረዳው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ሳይቀንስ በየአቅጣጫው ይደርሳልና።

በምሳሌ እናስላው። ሾፌሩ ፔዳሉን በ10 ኪሎ ኃይል ቢረግጥና ፔዳሉ ኃይሉን 6 ጊዜ ቢያበዛው፣ ለላይኛው ማስተር 60 ኪሎ ይደርሰዋል። የፒስተኑ ስፋት 2 ካሬ ሴንቲሜትር ከሆነ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 30 ኪሎ ያርፋል። ፒስተኑ 3 ሴንቲሜትር ሲጓዝ የሚገፋው ፈሳሽ ግን 6 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ያን ሁሉ ጭነት ከሞተሩ የምትለየው ይህች ማንኪያ ናት።

እንግዲህ በቱቦው ውስጥ የዚህኑ ግማሽ ያህል አየር ቢገባስ? ፈሳሽ ቢጫኑት አይጠብም ለማለት ይቻላል፤ አየር ግን ቦይል እንዳስተማረው በተጫኑት መጠን ይጠባል። በ30 ኪሎ ግፊት 3 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የነበረው አየር ወደ ሠላሳኛ እጁ ያንሳል። ስለዚህ የሾፌሩ እግር ከሚሄደው መንገድ እኩሌታው አየሩን በማጥበብ ያልቃል፤ ፔዳሉ ስፖንጅ የተረገጠ ያህል ይለሰልሳል፤ ሸራውም ከቮላኖው በደንብ ሳይላቀቅ ማርሹ ይጮኻል።

ማስተሮቹ ሲታደሱ፣ ጎሚኒ የሚባሉት የጎማ ቁርጥራጮች በላይም በታችም አብረው ቢለወጡ ይሻላል። ሲገጠሙም የሚቀቡት በዚያው በፍሬን ዘይት ነው። የሞተር ዘይት ወይም ግራሶ የነካው ጎሚኒ አብጦ ይበላሻል። የፍሬን ዘይት ዘይት ይባላል እንጂ እንደ ሞተር ዘይት አይደለም፤ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ሆኖ ይሠራል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ይህ ወሰን ወደ 140 ይወርዳል። ውሃውም የማስተሩን ውስጥ ያዝገዋል። እንደኛ ባለ ዝናብ በማይጠግብ አገር ክዳኑ ተከፍቶ የሰነበተ ጣሳ ቢጣል ይሻላል እላለሁ፤ ዋጋው ቢያሳዝንም።

አሁን ወደ አየር ማስወጣቱ እንምጣ። አስቀድሞ ሞተሩ ይጠፋል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ጎማውም ከፊትና ከኋላ ታኮ ይደረግለታል። ከመኪናው ሥር የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ረዳቱ፣ ማለትም ከሁሉ ታናሹ ልጅ ነውና ይህ ነገር በቸልታ አይታለፍ። የማስተሩ ዕቃ በአዲስ ፈሳሽ ይሞላል። በታችኛው ማስተር የአየር ማስወጫ ቡሎን ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ይሰካል፤ የቱቦው ጫፍ ጥቂት ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል።

በዚህ ሥራ ታናሽ ታላቁን ያዛል። ረዳቱ ከሥር ሆኖ «ጋሼ፣ ይርገጡ!» ይላል፤ ሾፌሩ በቀስታ ረግጦ «ይዣለሁ» ሲል ረዳቱ ቡሎኑን ይፈታል፤ ፈሳሹ ከአረፋው ጋር ይወጣል። ረዳቱ ቡሎኑን መልሶ ካጠበቀ በኋላ ብቻ «ይልቀቁ!» ይላል። ቡሎኑ ሳይዘጋ ፔዳሉ ቢለቀቅ የወጣው አየር ተመልሶ ይሳባል። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መደብደብም አየሩን ወደ ደቃቅ አረፋ ስለሚለውጠው ሥራውን ያስረዝማል። አረፋው እስኪጠፋ ይደጋገማል፤ በመካከሉ ግን የላይኛው ዕቃ ባዶ እንዳይሆን መጠበቅ ያሻል፤ ባዶ ከሆነ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። አየር ሁልጊዜ ሽቅብ ስለሚሄድ፣ የማስወጫው ቡሎን ወደ ታች ዘንብሎ ከሆነ አንድ ቀን ሙሉ ቢደክሙም አየሩ ከላይ ይቀራል፤ ማስተሩን ፈትቶ ቡሎኑን ወደ ላይ ማዞር ነው።

ሲያበቃ ረዳቱ ከሥር ይወጣል፤ ታኮው ሳይነሣ ሞተሩ በዜሮ ማርሽ ይነሣል። ፍሪሲዮኑ ተረግጦ ጥቂት ሰኮንድ ተቆይቶ የኋላ ማርሽ ሲገባ ካልጮኸ ሥራው ተሳክቷል። ከጥቂት ቀን በኋላ ፈሳሹ ከጎደለ ግን ዝም ብሎ መጨመር አይበቃም፤ የታችኛውን ማስተር መሸፈኛ ገልጦ እርጥብ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።