የቲም ልጅ እጁም ይማር



አባት ያለው ልጅ ሙያን ከአባቱ እጅ እያየ ይማራል፤ የቲም ግን ይህ ዕድል ያመልጠዋል። እንግዲህ ቀለቡን ብቻ ብንችልለት ኃላፊነታችንን በግማሽ ተወጣን እንጂ አልፈጸምንም።

መማሪያው ሩቅ አይደለም። የጅማ በርጩማ ያለ ሚስማር ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል፤ 3 እግሮቹም በወጣ ገባ መሬት ላይ አይንገዳገዱም። በአጋሮና በሊሙ የቡና ማድረቂያ አልጋ ከመሬት ከፍ የሚለው አየር ከሥሩም እንዲገባ ነው። የአንደኛ ደረጃ ተማሪው «ለምን እንዲህ ተሠራ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ይለካ፤ ይንደፍ፤ ከካርቶንና ከቀርከሃ ሠርቶ ይፈትን።

ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ ነበሩ፤ ነቢዩ ዳዉድም (ዐ.ሰ.) ጥሩር ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ከደብተሩ ጋር ማስመሪያ፣ መቀስና ማጣበቂያም እንለግስ።

አላህ ሰደቃችንን ይቀበለን። አሚን።