የጭሱ ሒሳብ፦ ከአየር ብክለት ፈቃድ ሥራ የተማርነው

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በምህንድስና ሙያ የተሰማሩ ሦስት አባላት በጋራ ያቀረቡት ንግግር)



ከፊታችሁ የቆምነው ሦስት ነን። አንዳችን እዚህ አሜሪካ በክፍለ ግዛት የአየር ጥራት መሥሪያ ቤት የፈቃድ ማመልከቻ ትመረምራለች። ሁለተኛዋ ለፋብሪካዎች ማመልከቻ በሚያዘጋጅ አማካሪ ድርጅት ትሠራለች። ሦስተኛዋ ፋብሪካ ውስጥ ቆይታ አሁን ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተሻግራለች። አንዳንድ ቀን በአንድ ጉዳይ ላይ በተቃራኒ ወገን እንቆማለን፤ ቅዳሜ ግን አብረን ቡና እንጠጣለን።

ሥራችሁ ምንድን ነው ተብለን «የአየር ፈቃድ» ስንል ሰው ይስቅብናል። «ደግሞ ለመተንፈስም ፈቃድ ያስፈልጋል?» ይሉናል። ለመተንፈስ አያስፈልግም። ሌላው ሰው በሚተነፍሰው አየር ላይ ጭስ ለመልቀቅ ግን ያስፈልጋል። ሥራችን ይኸው ነው።

አሜሪካ የንፁህ አየር ሕጓን በዘመናዊ መልኩ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። በ1990 ሕጉ ሲሻሻል ትልልቅ በካዮች ሁሉንም ግዴታቸውን በአንድ ሰነድ የሚያሰፍር የሥራ ፈቃድ እንዲኖራቸው ታዘዘ። በመሠረቱ በዓመት 100 ቶን ወይም ከዚያ በላይ አንድን በካይ ሊለቅ የሚችል ድርጅት ትልቅ በካይ ይባላል፤ አየሩ ቀድሞውኑ በተበላሸበት አካባቢ ግን ወሰኑ ዝቅ ይላል። በተለይ አደገኛ ተብለው ለተዘረዘሩት ኬሚካሎች ወሰኑ ለአንዱ 10 ቶን፣ ተደምረው ደግሞ 25 ቶን ነው።

እዚህ ላይ «ሊለቅ የሚችል» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ሕጉ የሚጠይቀው አምና ስንት ለቀቅህ ብሎ ሳይሆን፣ መሣሪያህ በሙሉ አቅሙ ሌት ተቀን ቢሠራ ስንት ትለቅ ነበር ብሎ ነው። በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ትልቅ የናፍጣ ጄኔሬተር በሰዓት 40 ፓውንድ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይለቃል እንበል። ዓመቱ 8,760 ሰዓት ነው። ሲባዛ 350,400 ፓውንድ ይሆናል፤ የአሜሪካው ቶን 2,000 ፓውንድ ስለሆነ ከ175 ቶን በላይ ማለት ነው። ጄኔሬተሩ መብራት ሲጠፋ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ግን በተለመደው አሠራር 500 ሰዓት ተወስዶ ይሰላል፤ ያን ጊዜ 10 ቶን ብቻ ይሆናል። መሣሪያው ያው ነው። የተለወጠው ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሰዓት ነው። ስለዚህ ያ ሰዓት በእርግጥ መጠበቁን የሚያይ፣ ቆጣሪውን የሚያነብ፣ መዝገቡን የሚያገላብጥ ሰው ከሌለ ሒሳቡ ባዶ ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ የኮምፒውተር መረጃ ማዕከላት አጠገብ የምትኖሩ እህቶች በግቢው ውስጥ የተደረደሩትን ጄኔሬተሮች አይታችኋል። የእያንዳንዳቸው ፈቃድ የተጻፈው በዚህ ዓይነት ሒሳብ ነው።

ሥራው ሁሉ ግን ወረቀት አይደለም። ከእኛ መካከል ሁለታችን በየስድስት ወሩ «የጭስ ትምህርት ቤት» እንሄዳለን። ቀልድ አይደለም፤ ስሙ ይኸው ነው። ሜዳ ላይ ፀሐይን ከጀርባችን አድርገን እንቆማለን። ከማሽን 25 ጥቁርና 25 ነጭ ጭስ ይለቀቅልናል። እያንዳንዱ ከኋላው ያለውን ብርሃን ስንት በመቶ እንደሚጋርድ በዓይናችን ብቻ ገምተን እንጽፋለን። በአንዱም ግምት ከ15 በመቶ በላይ መሳሳት አይፈቀድም፤ አማካይ ስህተቱም ከ7.5 በመቶ ማለፍ የለበትም። ያለፈ ሰው ለስድስት ወር ብቻ የምስክር ወረቀት ያገኛል። መጀመሪያ ቀን ስንፈተን ያስታወስነው የእናቶቻችንን ማድ ቤት ነው። እናቶቻችን ጭሱን አይተው እንጨቱ እርጥብ መሆኑን፣ ምጣዱ መስማት አለመስማቱን ያውቁ ነበር። ያ እውቀት ግን ዋጋ ነበረው፤ ዓይናቸውና ሳንባቸው ከፍሎታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው እንደሞቱ ገምቷል።

በዓይን የሚታየው ጭስ ደግሞ ሁሉም አይደለም። የሚያሳስበን የማይታየው ደቃቅ ብናኝ ነው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር አይበልጥም፤ የሰው ፀጉር ከእርሱ ወደ 30 እጥፍ ይወፍራል። ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ከፊሉም ከደም ጋር ይቀላቀላል። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት በ2024 የዚህን ብናኝ ዓመታዊ ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ12 ወደ 9 ማይክሮ ግራም ዝቅ እንዲል ወስኗል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 የመከረው ደግሞ 5 ነው።

አሁን ስለ አንዷ እህታችን እንናገር። እንድንናገር ፈቅዳልናለች።

ይህች እህታችን ድንጋይና ማዕድን የሚፈጭ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጠረች። የሥራ ቪዛዋ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነበር፤ ከሥራ ብትወጣ አገሩን ለቆ መሄድ ሊመጣ ነው። ፋብሪካው አቧራውን የሚያጠልለው በረድፍ በተሰቀሉ ረጃጅም የጨርቅ ከረጢቶች ነበር። ጠላ በጨርቅ ሲጠለል አይታችኋል፤ አሠራሩ ያው ነው። ከረጢቶቹ ደህና መሆናቸው የሚታወቀው በፊትና በኋላ ባለው የአየር ግፊት ልዩነት ነው። ልዩነቱ ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ከረጢቱ ተደፍኗል፤ ከመጠን በላይ ዝቅ ካለ ተቀድዷል ማለት ነው። ፈቃዱ ቁጥሩ በየቀኑ ተነብቦ እንዲመዘገብ ያዝዛል።

በሦስተኛ ወሯ የስድስት ወሩን ሪፖርት እንድታዘጋጅ ተሰጣት። መዝገቡን ስትገልጥ በየቀኑ የተጻፈው ቁጥር አንድ ነው። በበጋም በክረምትም አንድ ነው። ፋብሪካው ተዘግቶ በዋለበት በምስጋና ቀን እንኳ ያው ቁጥር በያው እስክሪብቶ ተጽፏል። ኃላፊዋን ጠየቀች። «ሁልጊዜ እንዲሁ ነው፤ መሣሪያው አይንቀሳቀስም፤ ዝም ብለሽ አስገቢው» አላት።

ማታ ደወለችልን። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የሰጠናት ምክር ጥሩ አልነበረም። «ዝም በይ፤ ሌላ ሥራ እስክታገኚ ቻይው» ያልናት እኛው ነን። ቪዛዋን፣ አገር ቤት የምትረዳቸውን ወላጆቿን አስበን ፈራንላት። እርሷ ግን አንድ ነገር ጠየቀችን፦ «ከፋብሪካው ማዶ ያለው ትምህርት ቤት የእናንተ ልጆች የሚማሩበት ቢሆን ይህንኑ ትሉኝ ነበር?» መልስ አልነበረንም።

በማግስቱ ሦስታችንም ሕጉን ይዘን ቁጭ አልን። መዝገብ ለአምስት ዓመት መቀመጥ አለበት። በየዓመቱ የፋብሪካው ኃላፊ «አጣርቼ እውነት፣ ትክክልና የተሟላ መሆኑን አምኛለሁ» ብሎ በስሙ ይፈርማል። እያወቀ ሐሰት ያቀረበ ሰው እስከ ሁለት ዓመት ሊታሰር ይችላል። ጥፋት በመጠቆሙ የተባረረ ወይም የተበደለ ሠራተኛ ደግሞ ለፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል፤ ነገር ግን ጊዜው 30 ቀን ብቻ ነው። ይህን 30 ቀን እባካችሁ ያዙት። ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው ባለማወቅ ነው።

እህታችን የቅርብ ኃላፊዋን ሳትከስ፣ ማንንም ሳትሰድብ፣ ለፈራሚው ኃላፊ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈች። የተመዘገበውን፣ ፋብሪካው የተዘጋበትን ቀን፣ ሕጉ የሚለውን ብቻ አሰፈረች። ኃላፊው ያነበበው በራሱ ስም የሚፈርመው ሰው መሆኑን እያሰበ ነው። ማሽኑ ቆመ። ሲፈተሽ ወደ መለኪያው የሚሄደው ቀጭን ቱቦ በአቧራ ተደፍኖ ተገኘ። የማጣሪያው ክፍል ሲከፈት ደግሞ በርካታ ከረጢቶች ተቀድደው ነበር። ጉድለቱ ለመሥሪያ ቤቱ ተገለጸ፤ ቅጣት ተከፈለ፤ ከረጢቶቹ ተለወጡ።

እህታችን አልተባረረችም። ነገር ግን ምሳ ሰዓት አብሯት የሚቀመጥ ሰው አጣች፤ ዕድገትም አለፋት። እንደ ምንም ብላ ሌላ ቦታ አገኘች። ያ ሁሉ ወር የወጣው አቧራ ምን ያህል እንደሆነ፣ በማን መስኮት እንደገባ ግን ዛሬም አይታወቅም፤ መዝገቡ ሐሰት ነበርና። ሥራችን ለምን እንደሚጠቅም የምንረዳው እዚህ ላይ ነው። የተሳሳተ ሒሳብ ሊታረም ይችላል። ያልተለካ ቀን ግን ተመልሶ አይለካም።

እንግዲህ ከእናንተ የምንፈልገው ምንድን ነው? መሐንዲስ ያልሆነችም እህት የምትሠራው አለ። ትልቅ የሥራ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ረቂቁ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል፤ ቢያንስ 30 ቀን አስተያየት ይቀበላሉ። ማንም ሰው መጻፍ ይችላል፤ ዜግነትም ሆነ ዲግሪ አይጠየቅም። አንዳችን በመሥሪያ ቤቱ እንደምናየው፣ «ጭሱ መጥፎ ነው» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ «ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ለግማሽ ሰዓት ጥቁር ጭስ አይቻለሁ፤ ፎቶውም ይኸው» የሚል ደብዳቤ ይሠራል። ቀንና ሰዓት ጻፉ። ማጣሪያው እንዴት እንደሚፈተሽ፣ ማን እንደሚመዘግብ ጠይቁ። ለተጻፈው አስተያየት መሥሪያ ቤቱ መልስ መስጠት አለበት።

አገር ቤት ዘመድ ላላችሁም አንድ ቃል እንጨምር። የኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው የግል ጉዳቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። መብቱ ተጽፏል፤ የሚጠቀምበት ሰው ነው የሚፈለገው።

ለጋሾቻችንን ደግሞ እናመሰግናለን። ከእኛ አንዷ የምህንድስና ፈቃድ ፈተና ስትወስድ ክፍያውን የሸፈነው የማኅበራችን ሣጥን ነው፤ ልጆቿን በተራ የጠበቁላት እናንተ ናችሁ። ዛሬ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለሚቀጥሉት ተፈታኞች ይህ እርዳታ እንዳይቋረጥ። ሁለተኛ፣ በወር አንድ ቅዳሜ በሰፈራችን የወጣ ረቂቅ ፈቃድ አብረን እንድናነብ ክፍልና አስተርጓሚ እንዲኖረን። እኛ ሒሳቡን እናስረዳለን፤ እናንተ ሰፈሩን ታውቃላችሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በእኛ ሥራ ግን ዝም ብሎ አይጠራም፤ በየቀኑ መለኪያውን የሚያነብና ያየውን የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል። ሴት ልጆቻችሁን ወደዚህ ሙያ ላኩልን።