የጎደለውን መቁጠር፦ የተማሪ መሪነትና አገልግሎት በዋጃ

(በዋጃ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ለተማሪ ተወካዮች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ተማሪ መሪነት እንድንናገር በተጋበዝን ጊዜ አስቀድመን ራሳችንን የጠየቅነው መሪ ለምን ያስፈልጋል ብለን ነው። መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ በመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ አንዳንድ መበለቶች ተዘነጉ፤ ስለዚህም ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ያን ጊዜ ሰባት ሰዎችን አስመርጠው በሥራው ላይ ሾሙ፤ ቅዱስ እስጢፋኖስም ከእነርሱ አንዱ ነበረ። እንግዲህ የእነዚህ አገልጋዮች ሹመት የመጣው ከማዕድ የተዘነጋ ሰው ስለ ነበረ ነው። የመሪ የመጀመሪያ ሥራው ማን እንደ ጎደለ ማየት መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ይህን እውነት ኮሚሽናችንም በሥራው ያውቀዋል። ከተቋቋመበት ከ1964 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን ብዙ የመከራ ዘመን አሳልፋለች። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ድርቅ በወሎና በራያ ምድር ያደረሰውን እዚህ የተቀመጣችሁ አባቶችና እናቶች ከእኛ ይልቅ ታስታውሳላችሁ። በእርዳታ ሥራ ላይ እጅግ የሚያስጨንቀው በሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ብቻ አይደለም። አልጋ የያዘው፣ መንገዱ የራቀበት፣ ስሙን የሚያስመዘግብለት ያጣው ከሰልፉ ላይ አይታይም። ያልመጣውን የሚፈልግ ሰው ከሌለ እርዳታው ለደረሰው ብቻ ደርሶ ይቀራል።

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው።

በራያ ቆላ የክፍል ወንበር የሚጎድልበትን ወራት ሁላችንም እናውቃለን። በጥቅምትና በኅዳር ማሽላው ሲያፈራ ግሪሳ ወፍ ይወርዳል፤ ልጁም ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣል። አጨዳው ሲደርስ ደግሞ የቤቱ ጉልበት ሁሉ ወደ ማሳ ይሄዳል። በበጋ ውኃው ሲርቅ ጀሪካኑ በሴት ልጅ ጀርባ ላይ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ ከትምህርት የራቁ ልጆች ነበሩ። ከሁሉ የከፋው ግን በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ፣ የመንን አቋርጦ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚያደርሰው መንገድ ነው። ይህን መንገድ የማያውቅ መንደር በአካባቢያችን የለም ማለት ይቻላል። የሄደው ሁሉ አልደረሰም፤ የደረሰውም ሁሉ አልተመለሰም።

መምህሩ በስም መጥሪያው ላይ የቀሪ ምልክት ያደርጋል። ተማሪው መቅረቱን መምህሩ ያውቃል፤ ለምን እንደ ቀረ ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው አብሮት የሚቀመጠው ጓደኛው ነው። አባቱ መታመማቸውን፣ ደብተሩ ማለቁን፣ ደላላ ማነጋገሩን የሚሰማው እርሱ ነው። ተማሪን ለመሪነት የሚያበቃው ይህ ዕውቀት ነው፤ ይህን ዕውቀት ደግሞ ርዕሰ መምህሩም ሆነ የሰበካ ጉባኤው በቀላሉ አያገኘውም።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤ ይህ አገልግሎት በቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል የለየው ገና ፊደል የሚቆጥረውን ያስቀጽላል። በሰሜን ወሎ ዋድላ የቅኔ ስም ያገኘችው በመምህራኗ ነው፤ በቅኔ ቤት ግን ከመምህሩ በታች ሆኖ የታናናሾቹን ቅኔ እየሰማ የሚያርም አስነጋሪ አለ። ለአስነጋሪው ማዕረጉ ሥራው ነው፤ የሚሰማው ታናሽ ከሌለ አስነጋሪ አይባልም። በዘመናዊው ትምህርትም ቢሆን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ አገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር፤ ብዙዎቹም ያገለገሉት በመምህርነት ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም ፊደል ለገበሬው ካደረሱት መካከል ተማሪዎች ይገኙበታል።

በእናንተው ምድር ደግሞ ከዚህ ሁሉ የቀረበ ምሳሌ አለ። ክረምት ከምዕራቡ ተራራ ጎርፍ ሲወርድ ገበሬው በጠለፋ ወደ ማሳው ይመልሰዋል። የላይኛው ማሳ ጠጥቶ ሲጠግብ ቦዩ ለታችኛው ይከፈታል፤ ካልተከፈተ የታችኛው ማሽላ ይደርቃል፤ የላይኛውም በውኃ ብዛት ይጎዳል። በክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ተማሪ የላይኛው ማሳ ነው። ዕውቀት ቀድሞ የደረሰው ቦዩን እንዲከፍት እንጂ እንዲዘጋው አይደለም።

እንግዲህ በተግባር ምን ይደረግ? አራት ነገሮችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በየክፍሉ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተማሪ ይመረጡ። ሥራቸው መቁጠር ነው። አንድ ተማሪ ሦስት ቀን ከቀረ በአራተኛው ቀን ሁለት ሆነው ወደ ቤቱ ይሂዱ። ሲሄዱም ወቀሳ ሳይሆን ያመለጠውን ትምህርት የጻፉበትን ደብተር ይያዙ። «ለምን ቀረህ?» ከማለት አስቀድሞ «ቦታህን ጠብቀንልሃል» ማለት ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ወደ ኋላ ለቀሩት በሳምንት አንድ ጊዜ የማስጠኛ ሰዓት ይኑር። ሰንበት ትምህርት ቤቱ አገልጋዮችን ያዘጋጅ፤ ጥናቱ ግን በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ቢሆን እንመርጣለን። የጎደለው ልጅ የሙስሊም ጎረቤታችን ልጅ ሊሆን ይችላልና ሳይሳቀቅ የሚገባበት በር ሊኖረው ይገባል። በራያ በደስታም በኀዘንም አብረን የምንቆም ነንና በቆጠራችን ማንንም አንለይም።

ሦስተኛ፣ ሸክሙን ተካፈሉ። አባቶቻችን ማሳቸውን በወንፈል ያርማሉ፤ ያጭዳሉ። እናንተም በቅዳሜና ከትምህርት ሰዓት ውጭ ወፍ ጥበቃውን በተራ ብትይዙ አንድ ልጅ ሙሉ ወር ከሚቀር ሁሉም ሳይቀሩ ይማራሉ።

አራተኛ፣ ወሰናችሁን እወቁ። ስለ ደላላ፣ ያለ ዕድሜ ስለሚደረግ ጋብቻ፣ በቤት ውስጥ ስለሚፈጸም ጥቃት የሰማችሁ እንደ ሆነ ነገሩን ብቻችሁን አትያዙት። ለምታምኑት መምህር ወይም ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ለመንደር ወሬ ግን አሳልፋችሁ አትስጡት፤ የሰውን ገመና መጠበቅ የአገልግሎቱ ግማሽ ነው።

ወላጆች «አገልግሎቱ የጥናት ጊዜያቸውን ይወስዳል፤ ፈተና አለባቸው» ትሉ ይሆናል። ሥጋታችሁ ተገቢ ነው። ስለዚህ አገልግሎቱ በሳምንት ከሁለት ሰዓት አይለፍ። ለፈተና የሚቀመጡት ተማሪዎች በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ኃላፊነቱን ለታናናሾቻቸው ያስረክቡ። ርክክቡ ራሱ ትምህርት ነው፤ ተተኪ ያላዘጋጀ መሪ ሥራውን ጀመረ እንጂ አልፈጸመውም። ደግሞም ለሌላው ያስረዳ ተማሪ ትምህርቱን ለራሱ አጸና።

እኛ ታላላቆችም የምንጠየቅበት አለ። ተማሪዎች አገልጋይ ናቸው ስንል እንግዳ በመጣ ቁጥር ግቢ የሚጠርጉ፣ ወንበር የሚሸከሙ ናቸው ማለታችን ሊሆን አይገባም። የተማሪዎች ፓርላማ እናቋቁማለን፤ የሚናገሩትን የሚሰማ ጆሮ ግን ስንት ጊዜ ሰጠናቸው? የወላጅ መምህር ኅብረትና የሰበካ ጉባኤው በወር አንድ ጊዜ፣ ግማሽ ሰዓትም ቢሆን፣ የቆጣሪዎቹን ቃል ይስሙ። ልጆቹ «እገሊት በውኃ ምክንያት ቀርታለች» ሲሉ ስለ ውኃው መነጋገር የእኛ ድርሻ ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ አቅሙ ስንት እንደ ሆነ አንዘነጋም። የጓደኛ ጉብኝት ድርቅን አይመልስም፤ መሬት ለሌለው መሬት፣ ሥራ ላጣው ሥራ አይሰጥም። ልጆች የሚሰደዱት አብዛኛውን ጊዜ ቤታቸውን ለመርዳት ነውና በመሄዳቸው አንፈርድባቸውም። ነገር ግን አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት መቅረት ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ከቤቱ እስከሚወጣበት ሌሊት ድረስ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ያልፋሉ። በእነዚያ ሳምንታት በሩን የሚያንኳኳ ሌላ ሰው ከሌለ የሚያንኳካው ደላላው ብቻ ነው። እኛ የምንለው አስቀድማችሁ አንኳኩ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤቱ የመጣ ሰው ፈልጎት እንደ ነበረ ሳያውቅ እንዳይሄድ ነው።

የሥራችሁ መለኪያ የተሰበሰበው ጉባኤ ብዛት ወይም የተነሣው ፎቶግራፍ አይሁን። በመስከረም የተመዘገቡትን ስሞች ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ በሰኔ ለፈተና ከተቀመጡት ጋር አስተያዩአቸው። በመካከል የጠፋውን እያንዳንዱን ስም በየተራ ጥሩ። የት እንዳለ ከመለሳችሁ ቆጥራችኋል፤ ከተመለሰም መርታችኋል።

ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ ዝቅ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ የአንዱንም እግር አልዘለለም። አሳልፎ የሚሰጠው ይሁዳ ሳይቀር በዚያ ነበረ። እናንተም በቆጠራችሁ ማንንም እንዳትዘሉ አምላከ ቅዱሳን ማስተዋሉንና ብርታቱን ያድላችሁ። ለዋጃና ለመላው ራያ ሰላሙን፣ ለማሳው ዝናሙን፣ በባሕር ማዶ ላሉት ልጆቻችን በጎ መመለስን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።