ከግድግዳው የሚወጣው ጋዝ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለምንተኛበት ቤት ግድግዳ ነው። ግድግዳ ከብርድና ከዝናብ ከጠበቀን ሌላ ምን ይፈለግበታል የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን አንድ ጥያቄ እንጨምራለን፤ ይኸውም ግድግዳው ከምን ተሠራ የሚል ነው። ለምሳሌ የመረጥነው አገር ስዊድን ሲሆን የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። በማናቸውም ድንጋይና አፈር ውስጥ ጥቂት ዩራኒየም ይገኛል። ዩራኒየም በብዙ ዘመን እየፈረሰ ራዲየም ይሆናል፤ ራዲየምም ሲፈርስ ራዶን የተባለ ጋዝ ይወልዳል። ራዶን ቀለምም ሽታም ጣዕምም የለውም። በ3.8 ቀን ውስጥ ግማሹ ፈርሶ ወደ ሌሎች ደቃቅ ራዲዮአክቲቭ ነገሮች ይለወጣል፤ እነዚህም ከአቧራ ጋር ተጣብቀው በትንፋሽ ወደ ሳንባ ይገባሉ። የሚያስከትሉት ጉዳት የሳንባ ካንሰር ነው፤ ሲጋራ በሚያጨስ ሰው ላይ ደግሞ አደጋው እጅግ ይበረታል።

በብዙ ቤቶች ጋዙ የሚመጣው ከመሬት ስለሆነ፣ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ከመሬት ርቄአለሁ ብሎ ይጽናና ይሆናል። ነገር ግን ራዲየሙ ያለው በግድግዳው ውስጥ ከሆነ፣ አብሮት ፎቅ ወጥቷል ማለት ነው።

በስዊድን የሆነው ይህ ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት አክሰል ኤሪክሶን የተባለው አርክቴክት ክብደቱ የቀለለ፣ ሙቀትንም የሚይዝ ኮንክሪት ሠራ። ፋብሪካዎች ከ1929 ጀምሮ ይህን ኮንክሪት አሉም ሼል ከሚባለው ጥቁር ድንጋይ ያመርቱ ጀመር። ድንጋዩ የሚነድ ነገር ስላለበት ኖራውን ለማቃጠል እንደ ማገዶ አገለገለ፤ የተቃጠለውም ከኖራው ጋር ተፈጭቶ ብሎኬት ሆነ። ከመልኩ የተነሣ ስዊድኖች ብሎቤቶንግ፣ ማለት ሰማያዊ ኮንክሪት አሉት። ለቁጠባ የሚያኮራ ብልሃት ነበር። ይሁን እንጂ ያው ድንጋይ ዩራኒየም የበዛበት ነበር።

በ1956 የፊዚክስ ተመራማሪው ቤንግት ሁልትክቪስት በስዊድን ቤቶች ውስጥ የለካውን አሳተመ። ከዚህ ድንጋይ በተሠሩት ቤቶች ጨረሩ ከእንጨት ቤቶች ይልቅ ከፍ ያለ መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ። ምርቱ የቆመው ግን በ1975 ነው። በመካከሉ 19 ዓመት አለፈ፤ በእነዚህም ዓመታት ግንባታው ቀጠለ። ከ1973 ወዲህ ደግሞ የነዳጅ ዋጋ ስለ ናረ ሰዎች ሙቀት እንዳያባክኑ የቤታቸውን ስንጥቅ ደፈኑ። ቀድሞ ከነፋሱ ጋር ይወጣ የነበረውም ጋዝ በክፍሉ ውስጥ ታጎረ።

ጓደኞቻችን፤ ከዚህ የምንማረው ቁጠባ መጥፎ ነው የሚለውን አይደለም። የምንማረው የማገዶው ሒሳብ ሲሠራ የሳንባው ሒሳብ አብሮ ሊሠራ ይገባ እንደ ነበረ ነው። ዕውቀቱ በወረቀት ላይ ነበረ፤ የጎደለው ዕውቀቱን ወደ ግንበኛውና ወደ ተከራዩ የሚያደርስ ሰው ነው።

ብሎቤቶንግ ያለባቸው መኖሪያዎች በስዊድን ዛሬም በመቶ ሺህ ይቆጠራሉ። በዚያ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን የምንለው ይህ ነው፤ የቤታችሁን አከራይ ራዶን ተለክቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ልኬቱ የሚደረገው ቤት በሚሞቅበት ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ቢያንስ ለሁለት ወር ትናንሽ መለኪያዎችን ክፍል ውስጥ በማስቀመጥ ነው። የስዊድን መመዘኛ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 200 ቤኬሬል ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 ያወጣው ምክር ግን ቢቻል ከ100 እንዳይበልጥ ይላል። ከበለጠም ቤቱን ማፍረስ አያስፈልግም፤ አየሩ በደንብ እንዲለዋወጥ ማድረግ ብዙ ይረዳል።

በአገራችን ነፋስ ይመታኛል ብሎ መስኮት የሚደፍን ሰው ብዙ ነው። በእሳተ ገሞራ ድንጋይም እንገነባለን። ድንጋዩን ሳንለካ መጥፎ ነው ብለን ስሙን አናጠፋም፤ ደኅና ነው ብለንም አንመሰክርለትም። ይህን መለካት የፊዚክስና የሥነ ምድር ተማሪዎች ሊይዙት የሚችሉት ሥራ ነው። መስኮት መክፈት ግን የሁላችንም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፣ ልኬቱ ከግንባታው ይቅደም።